«ጎዳና ላይ ስትወጪ ነይ» ተብላ ከካውንስል ለተመለሰች እናት

ጥያቄው፦ «29 ዓመቴ ነው። የአራት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። እንግሊዝ አገር ጥገኝነት ጠይቄ ሆም ኦፊስ (የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ) ሊድስ ቤት ሰጥቶኝ ነበር። ጥገኝነቱ ተፈቅዶ ወረቀቴን ሳገኝ ከዚያ ቤት ውጪ የሚል ደብዳቤ መጣና ለንደን ወዳለች ጓደኛዬ መጣሁ። ሳሎኗ ውስጥ ከልጄ ጋር መኖር ከጀመርኩ ዓመት ከሦስት ወር ሆነኝ። ጠዋት ጠዋት እዚሁ ሰፈር ቢሮ አጸዳለሁ። አሁን አከራይዋ ሰው በዛ ብሎ አስጠነቀቃት። እያለቀሰች እስከ ወሩ መጨረሻ ቤት ፈልጊ አለችኝ። ካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ሄጄ ስናገር መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ ‹ገና ጎዳና አልወጣሽም፣ ስትወጪ ነይ፤ ደግሞ ያንቺ ካውንስል ሊድስ ነው› ብላ መለሰችኝ። አንዳንዱ ሰው ተጣልታ አባረረችኝ በይ ይለኛል። ሌላው ቤይሊፍ (በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ከቤት የሚያስወጣ ሹም) እስኪመጣ ንቅንቅ አትበይ ይላል። ካውንስል ካወቀሽ ልጅሽን ይወስዱብሻል የሚሉም አሉ። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ መስኮት ላይ የተነገረሽ ሁለቱም ነገር ስህተት ነው። ጎዳና እስክትወጪ መጠበቅ የለብሽም። ሊድስ መመለስም የለብሽም። ሰዎች ከሰጡሽ ሦስት ምክር ደግሞ አንዱ አደገኛ ነው፣ አንዱ አንቺን አይመለከትም፣ ሦስተኛው ብዙ እናቶችን በከንቱ አስፈርቶ ከመብታቸው ያስቀረ ወሬ ነው። የምጽፈው ሁሉ ለእንግሊዝ ብቻ ይሠራል፤ ስኮትላንድና ዌልስ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው የ1996ቱ የቤቶች ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ቤት አልባ የሚባለው ውጭ ያደረ ሰው ብቻ አይደለም። ልትኖሪበት መብት ያለሽ፣ መቆየቱም አግባብ የሆነ ቤት ከሌለሽ ሶፋ ላይ ብትተኚም ቤት አልባ ነሽ። አንቺ የኪራይ ውል የለሽም። እዚያ ቤት ያቆየሽ የጓደኛሽ ፈቃድ ነው። ፈቃዱ የሚያልቅበትን ቀን ደግሞ ነግራሻለች። ከኤፕሪል 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ቤት አልባነትን የመቀነስ ሕግ፣ በ56 ቀን ውስጥ ቤት ሊያጣ የሚችልን ሰው ካውንስሉ ካሁኑ እንዲረዳው ያስገድዳል። የሕጉ ዋና ዓላማ «ስትወጪ ነይ» የሚባለውን መልስ ማስቀረት ነበር። አንቺ የቀረሽ ከ56 ቀን በታች ነው። ስለዚህ ጉዳይሽ የነገ ሳይሆን የዛሬ ነው።

ታዲያ ለምን መለሱሽ? ካውንስሎች ለጊዜያዊ መኖሪያ የሚያወጡት ገንዘብ አቅማቸውን አልፏል። በ2025 በመላው እንግሊዝ በጊዜያዊ መኖሪያ ውስጥ የነበሩት አባወራዎችና እማወራዎች ከ130,000 በላይ ነበሩ። ትልቁን ሸክም የተሸከመችው ለንደን ናት። እንዲህ ሲጨናነቅ በር ላይ ያለ ሠራተኛ ሰውን በቃል መመለስ ይቀናዋል። ጭንቀታቸውን እረዳለሁ፤ አሠራሩን ግን አልቀበልም። በቃል የተመለሰ ሰው ፋይል አይከፈትለትም። ፋይል ከሌለ ውሳኔ የለም። ውሳኔ ከሌለ ይግባኝ የሚባልበት ነገር የለም። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህንን ያዢ፦ ከካውንስል ጋር የምታደርጊው ነገር ሁሉ በጽሑፍ ይሁን።

ማመልከቻ የግድ የተለየ ፎርም አይፈልግም። በአካልም፣ በስልክም፣ በኢሜይልም ይቻላል። እኔ ኢሜይልን እመርጣለሁ፤ ቀኑና ሰዓቱ ተመዝግቦ ይቀራልና። ካውንስሉ በድረ ገጹ ላይ ፎርም ካለው እሱንም ሙዪ፤ ስትጨርሺ ስክሪን ሾት አንሺ። ኢሜይሉ መርዘም የለበትም። በእንግሊዝኛ አስጽፊው፤ ይዘቱ ግን ይህን ያህል ነው፦ «የስደተኛ ፈቃድ አለኝ። ከአራት ዓመት ልጄ ጋር በዚህ አድራሻ ጓደኛዬ ሳሎን ውስጥ እኖራለሁ። በዚህ ቀን እንድንወጣ ተነግሮናል፤ ሌላ የምንሄድበት የለንም። በ1996ቱ የቤቶች ሕግ ክፍል 7 መሠረት የቤት አልባነት ማመልከቻ እያቀረብኩ ነው። የምንወጣበት ቀን ሲደርስ ለሁለታችን ማደሪያ እጠይቃለሁ። አንቀበልም ካላችሁ ውሳኔውን ከነምክንያቱና ከነይግባኝ መብቴ በጽሑፍ ስጡኝ። የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ።»

ውሳኔውን በጽሑፍ ስጡኝ የምትለዋን እንዳትተዪአት። ብዙ ነገር የምትለውጠው እሷ ናት። አስተርጓሚም በነፃ የማግኘት ዕድል ስላለሽ ጎረቤት ወይም ዘመድ ይዘሽ አትሂጂ። ዘመድ ሲያስተረጉም ያሳፍራል ያለውን ይዘላል፤ የዘለለው ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር ነው።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ላጥራ። የቤት ወረፋ ላይ መመዝገብና የቤት አልባነት ማመልከቻ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ወረፋው የካውንስል ቤት ለማግኘት የሚጠበቅበት መዝገብ ነው። ብዙ የለንደን ካውንስሎች ለወረፋው ብቻ የዓመታት ነዋሪነት ይጠይቃሉ። «ሦስት ዓመት ስላልኖርሽ አትችይም» ቢሉሽ ስለ ወረፋው እያወሩ ሊሆን ይችላል። አንቺ የጠየቅሽው ሌላ ነው። ይህንኑ ንገሪያቸው።

ወደ ሊድሱ ጉዳይ ልምጣ። እዚህ ላይ ሠራተኛዋ ግማሽ እውነት ይዛለች። ጥገኝነት ጠያቂ ሆኖ ሆም ኦፊስ ያስቀመጠው ሰው በሕጉ ከዚያ ከተማ ጋር የአካባቢ ትስስር አለው ይባላል። የሊድስ ትስስርሽ የመጣው ከዚህ ነው። ነገር ግን ሰው ከአንድ ቦታ በላይ ትስስር ሊኖረው ይችላል። ካውንስሎች የሚሠሩበት ልክ ካለፉት 12 ወራት ስድስቱን፣ ወይም ካለፉት አምስት ዓመታት ሦስቱን በራሱ ምርጫ አካባቢው ውስጥ መኖር ነው። አንቺ ዓመት ከሦስት ወር ኖረሻል። በጓደኛ ሳሎን መኖር ከመቆጠር አያግደውም። ሥራሽም እዚያው ነው፤ ቋሚ ሥራ ራሱን የቻለ ትስስር ነው። ከጠየቅሽው ካውንስል ጋር ትስስር ካለሽ ደግሞ ወደ ሌላ ሊያስተላልፉሽ አይችሉም።

ትስስር ባይኖርሽ እንኳ በር ላይ መመለስ አይችሉም ነበር። ማመልከቻውን መቀበል፣ መመርመር፣ ልጅ ያላት እናት ከሆነች ማሳደር፣ ከዚያ በኋላ ነው ለሌላ ካውንስል የማስተላለፉ ጥያቄ የሚመጣው። ስለዚህ የነዋሪነት ማስረጃሽን አሁን ሰብስቢ። የልጅሽ የመዋዕለ ሕፃናት ወይም የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የጂፒ (የሰፈር ሐኪም) ምዝገባ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ በዚያ አድራሻ የመጡ የባንክና የዩኒቨርሳል ክሬዲት (የመንግሥት የገቢ ድጎማ) ደብዳቤዎች። የኢቪዛሽንም ሼር ኮድ (የመኖሪያ ፈቃድሽን በኦንላይን የምታሳዪበትን ቁጥር) አዘጋጂ። በስደተኛነት ፈቃድ ካውንስልን እርዳታ መጠየቅ የተፈቀደ ነው፤ አሁን ያለሽን ፈቃድ አያበላሽም።

አሁን ወደ አደገኛው ምክር። «ተጣልታ አባረረችኝ በይ።» እንዳታደርጊው። በመጀመሪያ ደረጃ አያስፈልግሽም፤ እውነቱ ራሱ ይበቃሻል። አከራይ አስጠንቅቋታል፣ ቤቱ ጠቧል፣ ቀን ተሰጥቶሻል። ከዚህ በላይ ድራማ አይፈለግም። ሁለተኛ፣ የቤት እርዳታ ለማግኘት ሆን ብሎ የሐሰት ቃል መስጠት በራሱ በቤቶች ሕጉ ወንጀል ነው። ሦስተኛ፣ እርዳታ ለማግኘት ሲባል ሁለት ሰዎች ተስማምተው የተፈጠረ «መባረር» እንደሆነ ከጠረጠሩ፣ ሆን ብለሽ ቤት እንዳጣሽ ሊቆጥሩሽ ይችላሉ። ያ ስም አንዴ ከተለጠፈብሽ ትልቁን መብትሽን ታጪያለሽ። የካውንስሉ ኦፊሰሮች ደግሞ ለጓደኛሽ ይደውሉላታል፤ አንዳንዴም ቤት ይመጣሉ። የሁለት ሰው ውሸት በሁለት ስልክ ይፈርሳል።

ከውሸቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይሉኝታችን ነው። ነገሩ እንዲህ ይሆናል። ኦፊሰሩ ለጓደኛሽ ይደውላል። በጣም በትህትና «ሁለት ሳምንት ብቻ ብትጨምሪላት ይቻላል?» ይላታል። እሷ አንቺና ልጅሽ ፊቷ ተቀምጣችኋል። እምቢ ማለት ነውር ይሆንባታል። «እሺ፣ ምን አደርጋለሁ» ትላለች። ኦፊሰሩ «ለጊዜው መቆየት ትችላለች» ብሎ ይጽፋል። በቃ፣ ጉዳይሽ ወደ ኋላ ተገፋ። ስለዚህ ዛሬ ማታ ከጓደኛሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። የምትችለውን እውነተኛ የመጨረሻ ቀን ትወስን። ሲደውሉላት ያንኑ ቀን ትንገራቸው። ይህ አንቺን መጣል አይደለም። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ልታደርግልሽ ከምትችለው ሁሉ ትልቁ ውለታ ይህ ነው።

ያንኑ በአጭር ደብዳቤም ትጻፈው። ከመቼ ጀምሮ እንደኖርሽ፣ ስንት ክፍል እንዳለና ስንት ሰው እንደሚኖር፣ አከራይዋ ምን እንዳለ፣ መቼ እንደምትወጪ። የአከራይዋ ማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ከሆነ ቅጂው ይያያዝ። ጓደኛሽ ደብዳቤ መጻፍ ፈርታ ከሆነ ምክንያቷን ጠይቂያት። ብዙ ጊዜ ፍርሃቱ የካውንስል ታክስ ነው። ብቻዋን የምትኖር ሰው የ25 በመቶ ቅናሽ ታገኛለች፤ አንቺ ከገባሽ ጀምሮ ያ ቅናሽ መቆም ነበረበት። እንደዚያ ከሆነ ራሷ ቀድማ ታስታውቅና ልዩነቱን ትክፈል። በኋላ ከሚገኝባት በፊት ራሷ ብታስተካክለው ይቀላል። እሷን ለመሸፈን ብለሽ ግን ሌላ አድራሻ ወይም ሌላ ቀን እንዳትናገሪ።

«ሆን ብሎ ቤት ማጣት» ያልኩትን ትንሽ ላስፋው፤ ካውንስል ልጅ ያላትን እናት ለመጣል የሚሞክርበት ዋናው መንገድ ይህ ነውና። ወደ ኋላ ሄደው የመጨረሻው የተረጋጋ ቤትሽ የት እንደነበርና ለምን እንደተውሽው ይጠይቃሉ። ለንደን አማረችኝ ብለሽ የተከራየሽውን ቤት ጥለሽ መጥተሽ ቢሆን ኖሮ ችግር ነበር። አንቺ ግን የሊድሱን ቤት አልተውሽውም። ወረቀት ስታገኚ ሆም ኦፊስ ራሱ ነው ያስወጣሽ። ያንን የመውጫ ደብዳቤ ፈልጊው። ከጠፋብሽ ቤቱን ያስተዳድር ከነበረው ድርጅት ቅጂ ጠይቂ። በፋይልሽ ውስጥ ከምታስገቢያቸው ወረቀቶች ሁሉ ይህ አንዱ ከባድ ሚዛን አለው።

የቤይሊፉ ምክር ለተከራዮች ትክክል ነው። ውል ያለው ተከራይ አከራዩ ማስታወቂያ ስለሰጠው ብቻ ቁልፍ አስረክቦ መውጣት የለበትም። የፍርድ ቤት ትዕዛዝና ቤይሊፍ ሳይኖር ማስወጣት ሕገ ወጥ ነው፤ ቸኩሎ የወጣም ሆን ብሎ ቤት አጣ ሊባል ይችላል። በ2025 የወጣው የተከራዮች መብት ሕግ ከሜይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ያለ ምክንያት የሚሰጠውን የማስወጫ ማስታወቂያ ለግል ተከራዮች አስቀርቷል። አንቺ ግን ተከራይ አይደለሽም። ከጓደኛሽ ጋር ሳሎንና ኩሽና እየተጋራሽ በእንግድነት የምትኖሪ ሰው ነሽ። እንዲህ ላለ ሰው የፍርድ ቤት ትዕዛዝ አያስፈልግም፤ ተመጣጣኝ ጊዜ ሰጥቶ ውጪ ማለት ይበቃል። ቤይሊፍ ብትጠብቂ የሚመጣ ቤይሊፍ የለም።

ልጅሽን ስለ መውሰድ የሚወራውን በግልጽ ልንገርሽ። ቤት ማጣት ብቻውን ልጅን ከእናቱ ለመለየት ምክንያት አይሆንም። ያለ ፈቃድሽ ልጅን ለመውሰድ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ያስፈልጋል፤ ፍርድ ቤት ደግሞ በልጁ ላይ የደረሰ ወይም ሊደርስ የሚችል ከባድ ጉዳት እንዳለ ማስረጃ ይፈልጋል። በአጣዳፊ አደጋ ጊዜ ፖሊስ ለአጭር ጊዜ ሊወስድ ይችላል፤ ያ ግን ሌላ ነገር ነው። እንዲያውም የ1989ኙ የሕፃናት ሕግ አንቀጽ 17 የተቸገረን ልጅ ከቤተሰቡ ጋር አንድ ላይ መርዳትን ይፈቅዳል። የቤቶች ክፍሉ ቢከለክልሽ እንኳ ማኅበራዊ አገልግሎቱ ለእናትና ልጅ ማደሪያ የሚከፍልበት በር አለ። አንዳንድ ሠራተኛ «ልጁን ብቻ ነው የምንረዳው» ብሎ ያስፈራራል። አትደንግጪ። ልጅሽን በፈቃድሽ ለካውንስል እንክብካቤ የምታስረክቢበት ወረቀት ቢቀርብልሽ ግን ሶሊሲተር (ጠበቃ) ሳያየው አትፈርሚ። እዚህ ላይ መሽኮርመም የለም።

ማመልከቻሽ ከገባ በኋላ ምን ይሆናል? ኦፊሰር ይመደብልሻል፤ ቃለ መጠይቅ ታደርጊያለሽ። ከዚያ አንቺና ካውንስሉ የምታደርጉት ነገር የተጻፈበት የግል የቤት ዕቅድ ይሰጥሻል። ከመፈረምሽ በፊት አስተርጉመሽ አንብቢው። «በሳምንት ይህን ያህል ቤት ታያለች» ተብሎ የማትችይው ነገር ከተጻፈ እዚያው አስቀይሪው። ሥራና ሕፃን ይዘሽ የማትፈጽሚውን ቃል ከገባሽ በኋላ አልተባበረችም ተብሎ እርዳታው ሊቋረጥ ይችላል።

ከመውጣትሽ በፊት ያለው ጊዜ የመከላከያ ጊዜ ይባላል። ከጓደኛሽ አከራይ ጋር ሊነጋገሩ፣ ወይም ለግል ኪራይ ዲፖዚትና የመጀመሪያ ወር ኪራይ ሊረዱሽ ይችላሉ። መውጫው ቀን ከደረሰ ግን ሌላ ግዴታ ይነሳባቸዋል። አብሮሽ የሚኖር ልጅ ስላለሽ ሕጉ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ሰዎች ውስጥ ነሽ። እርጉዝ ሴቶች፣ ከቤት ውስጥ ጥቃት የሸሹ ሰዎች፣ በእሳት ወይም በጎርፍ ቤታቸውን ያጡም እንደዚሁ። ለእንዲህ ያለ ሰው ካውንስሉ ምርመራውን እስኪጨርስ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ማሳደር አለበት። ቤት አልባ ልትሆኚ እንደምትችዪ የሚያሳምን ምክንያት መኖሩ ብቻ ይበቃል። «ሰነድሽ አልተሟላም፣ ሰኞ ተመለሺ» ለማደሪያው ምክንያት አይሆንም።

የማደሪያውን ነገር ግን ሳላሳምር ልንገርሽ። ከእጅ አይሻል ዶማ ሊሆን ይችላል። አንድ ክፍል፣ የጋራ ኩሽና፣ ከትምህርት ቤቱ የራቀ ሰፈር። ልጅ ያለው ቤተሰብ ኩሽና ወይም መታጠቢያ በሚጋራበት ቢ ኤንድ ቢ (አልጋና ቁርስ የሚሰጥ ማረፊያ) ውስጥ ከስድስት ሳምንት በላይ እንዳይቆይ የ2003 ደንብ ይከለክላል። ካውንስሉ ራሱ የያዘው ሆስቴል ግን በዚህ ገደብ አይገባም። ከለንደን ውጭም ሊልኩሽ ይችላሉ። በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የዌስትሚንስተር ካውንስል አምስት ልጆች ያሏትን እናት ሚልተን ኪንስ አቅራቢያ ሂጂ ባለበት ጉዳይ ለካውንስሉ አልፈረደም። በቅርብ ያለ ቤት መፈለጉንና ለምን እንዳልተገኘ ማስረዳት ነበረበት ብሎ ውሳኔውን ሽሮታል። ስለዚህ የጠዋት ሥራሽን ሰዓት፣ ልጁ የሚውልበትን ቦታ፣ የምትከታተሉት ሕክምና ካለ ሁሉንም በጽሑፍ ቀድመሽ ስጪ። ቦታ ሲመርጡ ይህን ማየት አለባቸው። ካላወቁት ግን ሊያዩት አይችሉም።

ቦታው ቢያስጠላሽስ? እንዳትመልሺው። የምሰጥሽ ትልቁ ማስጠንቀቂያ ይህ ነው። የቀረበልሽን ቤት እምቢ ካልሽና ካውንስሉ ተገቢ ነበር ብሎ ከወሰነ ግዴታው ሊያበቃ ይችላል፤ ያኔ አንቺም ልጅሽም ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ። ግቢ፣ ከዚያ ተሟገቺ። ምርመራው አልቆ ዋናውን ግዴታ፣ ማለትም ቤት የማቅረብ ግዴታቸውን፣ ከተቀበሉ በኋላ የሚሰጥሽን ቤት እየኖርሽበት ሪቪው (ውሳኔው እንደገና እንዲታይ) መጠየቅ ትችያለሽ። ምርመራው ሳያልቅ ለሚሰጥሽ የመጀመሪያ ማደሪያ ግን ሪቪው የለም፤ እሱን መቃወም የሚቻለው በሶሊሲተር አማካኝነት በፍርድ ቤት ነው።

ማደሪያው ነፃም አይደለም። ኪራይ አለው። ጊዜያዊ መኖሪያ ስትገቢ ለኪራዩ የምታመለክቺው ዩኒቨርሳል ክሬዲት ውስጥ ሳይሆን ለካውንስሉ ሃውዚንግ ቤኔፊት (የኪራይ ድጎማ) ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ውዝፍ ይከመርበታል። በውዝፍ ከተባረርሽ ደግሞ ሆን ብለሽ ቤት እንዳጣሽ ሊቆጠር ይችላል። በገባሽበት ሳምንት ሙዪው።

የካውንስል ቤት በቅርቡ እንዲደርስሽም አትጠብቂ። ለንደን ውስጥ በጊዜያዊ ቤት ዓመታት ማሳለፍ የተለመደ ነው። ካውንስሉ በመጨረሻ የሚሰጥሽ የግል ኪራይ ቤት ሊሆንም ይችላል፤ ከ2012 ጀምሮ ሕጉ ይህን ይፈቅድለታል። ይህን የምነግርሽ ተስፋ ላስቆርጥሽ አይደለም። ቁርጡን አውቀሽ እንድትገቢበት ነው።

ይህን የምታነቡ ልጅ የሌላችሁ ሰዎችም መብት አላችሁ፤ ጠባብ ቢሆንም። ካውንስሉ ማመልከቻችሁን መቀበል፣ ዕቅድ ማውጣትና ቤት ለማግኘት መርዳት አለበት። የማሳደር ግዴታ የሚመጣበት ግን ቤት ቢያጣ ከተራው ሰው ይልቅ በጣም ለሚጎዳ ሰው ነው፤ በሕመም፣ በዕድሜ፣ በደረሰበት ሥቃይ። ሊቢያ ወይም ሰሐራ ላይ የደረሰባችሁ ነገር እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳችሁ ከሆነ ለጂፒያችሁ ተናገሩ። ጂፒው የበሽታውን ስም ብቻ ሳይሆን ውጭ ብታድሩ ምን እንደምትሆኑ ይጻፍ። ቪዛችሁ ላይ የሕዝብ ገንዘብ መጠቀም አይቻልም የሚል ያለባችሁና ጥገኝነታችሁ ገና ያልተወሰነላችሁ በዚህ መንገድ አትረዱም። የኋለኞቹ የሚሄዱት ወደ ሆም ኦፊስ ነው።

እህቴ፣ ምክሬ አንድ ነው። የወሩን መጨረሻ አትጠብቂ። ዛሬ ማታ ከጓደኛሽ ጋር ቀኑን ቁረጡና ደብዳቤውን ጻፉ። ነገ ጠዋት ኢሜይሉን ላኪ፤ አሁን ለምትኖሪበት ካውንስል እንጂ ለሊድስ አይደለም። በሁለት የሥራ ቀን መልስ ካጣሽ የኢሜይሉን ቅጂ ይዘሽ በአካል ሂጂ። ያነጋገረሽን ሰው ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፊ። ዳግመኛ በቃል ከመለሱሽ አትከራከሪ። ከዚያው በር ላይ ሆነሽ ሼልተር ለተባለው የቤት ጉዳይ በጎ አድራጎት ድርጅት የነፃ ስልክ ደውዪ፣ ወይም አቅራቢያሽ ያለ ሎው ሴንተር (የሕግ ምክር ማዕከል) ግቢ። በአነስተኛ ገቢ ላለ ሰው የቤት አልባነት ጉዳይ በሌጋል ኤይድ፣ ማለትም በመንግሥት ወጪ፣ ጠበቃ የሚቆምበት ጉዳይ ነው። የሶሊሲተር ደብዳቤ ሲደርሳቸው ብዙ ጊዜ የበሩ መልስ ይለወጣል። መውጫሽ ዓርብ ማታ ላይ ከዋለም ካውንስሉ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚሠራ የድንገተኛ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩን ከአሁኑ ስልክሽ ላይ መዝግቢው።

የእምቢታ ደብዳቤ ከመጣ ደግሞ የደረሰሽን ቀን ፖስታው ላይ ጻፊ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሪቪው ለመጠየቅ ያለሽ 21 ቀን ነው። ሪቪው መጠየቂያው አንድ መስመር ቢሆንም ይበቃል፤ ዝርዝሩን ሶሊሲተሩ በኋላ ይሞላዋል። ማደሪያው እስከ ሪቪው ውሳኔ ድረስ እንዲቀጥልም በዚያው ደብዳቤ ጠይቂ፤ መፍቀድ ግዴታቸው ባይሆንም ካልተጠየቁ አያስቡትም። ሪቪውም ከከሸፈ በሌላ 21 ቀን ውስጥ በሕግ ስህተት ላይ ተመሥርቶ ወደ ካውንቲ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ጠበቃ ሳትይዢ እዚያ አትግቢ።